ከኋላችን ተጠግቶ ለሚነዳ ሹፌር ምን ማድረግ ይገባናል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በትራፊክ ደኅንነት ክበብ አባሎች የተነገረ)



ለዚህ በዓል ከየክበቡ አንዳንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ፣ እኛ የትራፊክ ደኅንነት ክበብ አባሎች ስለ ምን እንናገር በማለት ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ጠጥቶ ስለ መንዳት፣ አንዳንዶቻችን ስለ ፍጥነት እንናገር አልን። በመጨረሻ የተስማማንበት ግን ከሁሉ ያነሰ የሚመስለው ነገር ሆነ፤ ይኸውም አንድ ሹፌር በሌላው መኪና ጀርባ ላይ ተለጥፎ በሚነዳበት ጊዜ፣ ከፊት ያለው ሰው ራሱንም ሌላውንም ሳይጎዳ፣ ሕግንም ሳይተላለፍ ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው።

መንጃ ፈቃድ የሌላችሁ ልጆች በዚህ ነገር ምን አገባችሁ የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። በሚኒባሱና በአውቶቡሱ፣ በወላጆቻችንም መኪና ኋላ ወንበር በየቀኑ የምንሳፈረው እኛ ነን። ዜብራ ላይ የምንሻገረውም እኛ ነን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ብዙዎቻችን መሪ እንጨብጣለን፤ ያን ጊዜ የምንነዳው የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት በነገረን ብቻ ሳይሆን ዛሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ባየነው ጭምር ነው።

ኦቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ መንገዱን የያዘው ፈረስና በቅሎ ነበር። በቅሎ ደግሞ ከፊቷ ያለው ሲቆም ጌታዋ ቢያንቀላፋ እንኳ ራሷ ትቆማለች። ኦቶሞቢል ይህ ጠባይ የለውም። ሹፌሩ አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩን ከነዳጁ አንሥቶ ፍሬኑን እስኪረግጥ ድረስ መኪናው እንደ ነበረው ይሮጣል። ተጠግቶ የመንዳት ክፋቱ በሙሉ ያለው በዚህች በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ እርስዋን እንለካ።

በፊዚክስ ክፍል የሚደረገውን የማስመሪያ ፈተና ጓደኞቻችን ታውቁታላችሁ። አንዱ ማስመሪያውን ከላይ ይዞ ሳይናገር ይለቅቃል፤ ሌላው ጣቶቹን ከፍቶ ከታች ይጠብቅና ይይዛል። ማስመሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ቢያዝ 0.2 ሰከንድ አልፏል ማለት ነው። ይህ ተዘጋጅቶ ለሚጠብቅ ወጣት ጣት ነው። ሹፌር ግን አደጋው የሚመጣበትን ጊዜ አያውቅም፤ እግሩንም ከአንዱ ፔዳል ወደ ሌላው ማዛወር አለበት። ስለዚህ ለእርሱ 1 ሰከንድ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ይቆጠርለታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ ሹፌሩ ፍሬን ገና ሳይነካ 17 ሜትር አለፈ ማለት ነው።

አሁን አንድ ሰው በዚህ ፍጥነት 5 ሜትር ብቻ ርቆ ይከተለናል እንበል። አምስት ሜትር የአንድ የቤት መኪና ርዝመት ያህል ነው፤ በከተማችን ይህን ያህል መጠጋት የተለመደ መሆኑን ሁላችሁም አይታችኋል። ድንገት ልጅ ወይም ከብት ገብቶብን ፍሬናችንን በደንብ ብንረግጥ ምን ይሆናል? በሒሳብ ስናሰላው፣ የኋለኛው ሰው ነቅቶ ፍሬኑን ሲይዝ የሁለቱ መኪናዎች የፍጥነት ልዩነት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኗል፤ በመካከላቸው የቀረውም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ፍሬኑ ከእኛ የተሻለ ቢሆን እንኳ ሊያመልጥ አይችልም። ጎበዝ ሹፌር ነኝ የሚል ሁሉ ይህን ቢያውቅ መልካም ነበር፤ በአንድ ሜትር ተኩል ውስጥ ጎበዝ የሚባል ሹፌር የለም።

በቂ ርቀት የሚባለው ስንት ነው ቢባል፣ በብዙ አገር የሚሰጠው ትምህርት በሜትር ሳይሆን በሰከንድ ነው። ከፊታችን ያለው መኪና ከአንድ የመብራት እንጨት አጠገብ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብለን እንቆጥራለን። ቆጥረን ሳንጨርስ እኛም እንጨቱ ዘንድ ከደረስን ተጠግተናል ማለት ነው። ይህ የሁለት ሰከንድ ርቀት መንገዱ ደረቅና ቀኑ ብርሃን ሲሆን ነው፤ በዝናብ ጊዜ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ስንት እንደሆነ ለማሳየት ክበባችን በስፖርት ሜዳው ላይ ገመድ ዘርግቷል፤ 33 ሜትር ነው። ገመዱን ያዩት ሁሉ ረዘመ ማለታቸው አልቀረም።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። የኋለኛው ሰው እምቢ ብሎ ቢለጠፍብንስ?

በእርሱና በእኛ መካከል ያለው ርቀት በእጃችን አይደለም። በእኛና ከፊታችን ባለው መኪና መካከል ያለው ርቀት ግን ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መደረግ የሚገባው፣ እግርን ከነዳጁ ላይ በዝግታ አላልቶ የፊቱን ርቀት ማስፋት ነው። ከኋላ ለሚመጣ አደጋ መድኃኒቱ ከፊት መሆኑ ለብዙ ሰው የማይዋጥ ነገር ነው፤ ለእኛም ሒሳቡን እስክንሠራው ድረስ እንግዳ ነበር። ሒሳቡም ይኸውላችሁ። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለቱን ሰከንድ ወደ አራት ብናሳድገው ከፊታችን 67 ሜትር ያህል ይኖረናል። ከዚያ በኋላ የፊቱ መኪና ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦ በ20 ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ እኛ የምንቆምበት ሁሉ ተደምሮ 87 ሜትር ያህል ስፋት አለን። በዚህ ስፋት ውስጥ ፍሬናችንን ሳናስጮኽ፣ ተሳፋሪም ሳይንገዳገድ፣ በለዘብታ ልንቆም እንችላለን። እኛ በለዘብታ ከቆምን ደግሞ የኋለኛው ሰው ይነቃል፤ እርሱም ይቆማል። ከፊታችን የተውነው ቦታ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለእርሱም የተሰጠ ጊዜ ነው። እርሱ የጣለውን ርቀት እኛ አንሥተን እንይዝለታለን እንደ ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። ቦታ ብንለቅ ሌላ ሰው ይገባበታል ይባላል። እውነት ነው፣ ይገባል፤ በአዲስ አበባ መንገድ በተለይ ሳይውል ሳያድር ይገባል። ነገር ግን አንድ መኪና ገብቶ እኛ እንደገና ርቀታችንን ብናስተካክል የምናጣው ሁለት ሰከንድ ያህል ነው። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት አሥር ሰው ቢገባብን ሃያ ሰከንድ ነው። ይህን ያህል ጊዜ በየጠዋቱ ጫማችንን ስንፈልግ እናጠፋለን።

ሁለተኛው ነገር ሰውየው እንዲያልፍ መተው ነው። ሁለት ረድፍ ባለበት መንገድ ፍሬቻ አሳይቶ፣ በስፖኪዮ አይቶ ወደ ቀኙ ረድፍ መግባት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው፣ በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የክፍያ መንገድ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት ረድፍ አለ፤ የግራው ለመቅደም እንጂ ለመንሸራሸር የተሠራ አይደለም። በሕግ በተፈቀደው ፍጥነት መጨረሻ እየነዳሁ ነውና ማንም ሊቀድመኝ አይገባም ብሎ የግራውን ረድፍ ይዞ የሚቀር ሰው አለ፤ ይህም ሰው ነገር ፈላጊ እንጂ ሕግ አክባሪ አይባልም። ፍጥነት መቆጣጠር የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው። በአንድ ረድፍ መንገድ ላይ ደግሞ ሰፋ ያለ ቦታ እስኪገኝ በእርጋታ ነድቶ፣ ቦታው ሲገኝ ዳር መያዝ ነው። «እለፍ» ብሎ በእጅ ማመልከት ግን አንመክርም። ምልክቱን ያየው ሰው በእኛ ዓይን ተማምኖ ይወጣል፤ ከፊት የሚመጣውን መኪና እኛ ሳናየው የቀረን እንደሆነ ነፍሱን በእጃችን አጠፋናት።

የማይገቡትን ነገሮች ስንናገር ከሁሉ የከፋው ለማስደንገጥ ብሎ ፍሬን መርገጥ ነው። ብዙ ሰው ይህን ተግሣጽ ያደርገዋል፤ ጥቂት ያስደነግጠውና ይርቃል ይላል። ከላይ ያየነው ሒሳብ ግን እንደማይርቅ፣ እንደሚገጭ ይነግረናል። በሕግም በኩል ነገሩ ከባድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2084 ሁለት ባለ ሞተር ተሽከርካሪዎች በተጋጩ ጊዜ ሁለቱም ለአደጋው እኩል እንዳዋጡ ይገምታል፤ የጉዳቱንም ኪሣራ ሁለቱ ባለቤቶች ግማሽ ግማሽ ይችላሉ። ይህ ግምት የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በይበልጥ ከአንዱ ሹፌር ጥፋት የመጣ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። እንግዲህ የኋለኛው ሰው ርቀት ባለመጠበቁ ጥፋተኛ ነው ለማለት የሚፈልግ ሰው፣ በራሱ በኩል ጥፋት እንዳይገኝበት መጠንቀቅ አለበት። በቁጣ የተረገጠ ፍሬን ግን ምስክር የሚቆጠርበት ጥፋት ነው። በእጁ የነበረውን እውነት በገዛ እግሩ ረገጠው ማለት ነው።

ሰው የሞተ እንደሆነ ነገሩ ከኪሣራ ያልፋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል፤ አጥፊው ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ብሎ ተላልፎ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራትና የገንዘብ መቀጮ ነው። የትራፊክ ደንቡ ማንም አሽከርካሪ ከፊቱ ካለው በቂ ርቀት ጠብቆ እንዲነዳ ስለሚያዝዝ፣ ተጠግቶ የሚነዳው ሰው ይህ አንቀጽ ከፊቱ እንደቆመ ሊያስብ ይገባዋል። ከኋላ ተገፍቼ ነው ብሎ ከፍጥነት ወሰን በላይ የሚነዳም ሰው ከዚህ አያመልጥም። የነዳው እርሱ ነው፤ የገፋው ሰው ታርጋ በክሱ ወረቀት ላይ አይጻፍለትም። ቀይ መብራት ሊበራ ሲል ከኋላ ጥሩምባ ስለተነፋበት ጥሶ የሚያልፍም እንዲሁ ነው።

ፍሬን በቁጣ መርገጥ ሌላ ነው፣ የፍሬን መብራት ቀድሞ ማሳየት ሌላ ነው። መቆሚያችንን ከሩቅ ስናይ ፔዳሉን በስሱ ሁለት ጊዜ ነካ ብናደርገው መኪናው ፍጥነቱ ሳይቀንስ መብራቱ ይበራል፤ ይህም ለኋለኛው ሰው የጨዋ ማስታወቂያ ነው። በዚህ ነገር ከሁሉ በላይ መሠልጠን የሚገባቸው የሚኒባስ ሹፌሮች ይመስሉናል። ከውስጥ አንድ ሰው «ወራጅ አለ!» ባለ ጊዜ ሚኒባሱ በቆመበት ይቆማል፤ ከኋላው የተለጠፈው ሁለተኛው ሚኒባስ፣ ከእርሱም ኋላ ሦስተኛው፣ እንደ ተራ ጡብ ይደራረባሉ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሹፌሩ ብቻ አይደለም፤ የእኛ የተሳፋሪዎችም ነው። ከመውረጃችን አንድ መቶ ሜትር ቀድመን ብንናገር ምን ይጎድልብናል?

አሁን ወደ ዜብራው እንምጣ፤ ይህን ርዕስ እንድንመርጥ ያደረገንም እርሱ ነውና። አንድ ጨዋ ሹፌር ተማሪዎች ሲሻገሩ አይቶ ይቆማል። ከኋላው ተለጥፎ የመጣው ሰው ግን የፊተኛው መኪና ስለጋረደው ልጆቹን አላያቸውም። ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፊቱ ያለው ሰው ያለ ምክንያት ቆሞበታል። እንዳይገጨውም፣ ተናዶም፣ መሪውን ጠምዝዞ በግራ በኩል ያልፋል፤ የሚያልፍበትም ቦታ ልጆቹ የደረሱበት ቦታ ነው። በዚህ ጊዜ የቆመው ሹፌር ደግነት ልጆቹን ወደ ወጥመድ የጠራ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሹፌሮች ወላጆቻችን ሆይ፣ ከኋላችሁ የተጠጋ መኪና ካለ ለዜብራ የምትቆሙት ከሩቅ ጀምራችሁ፣ መብራት አሳይታችሁ፣ ፍጥነታችሁን ቀስ በቀስ ቀንሳችሁ ይሁን፤ የምትቆሙትም ከመስመሩ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ቀርታችሁ ይሁን፤ ያን ጊዜ ሌላው ረድፍ ለሚሻገረው ልጅ ይታየዋል። እኛም የምንሻገረው በቆመው መኪና ጥግ ላይ ስንደርስ እንደገና ቆመን፣ አንገታችንን ብቅ አድርገን አይተን ይሁን። የቆመልን ሰው ስላመሰገነን ወይም እጁን ስላወዛወዘልን ብቻ አንሩጥ። በትምህርት ቤታችን በር ላይ ምልክት ይዘው የሚያሻግሩት የክበባችን አባሎች ሁለቱም ረድፍ ሳይቆም የማያሻግሩት ስለዚህ ነውና፣ አረፈደብን እያላችሁ አትቆጧቸው።

ከከተማ ውጭ ስለ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሕዝቡ ለአይሱዙና ለሲኖ ያወጣላቸውን ስም ታውቁታላችሁ፤ በበዓል ቀን አንደግመውም። ነገር ግን ከኋላ የተጠጋ የጭነት መኪና ሁሉ ጥጋበኛ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ ሲወረድ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውም ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፤ ጉምም ይበዛበታል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ፍሬን ብዙ ጊዜ የተረገጠ እንደሆነ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ከኋላችን የሚመጣው ከባድ መኪና እየቀረበ የመጣው ሊያስፈራራን ሳይሆን ማቆም አቅቶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቁልቁለት ከኋላ ጭነት ሲቀርብ መከራከር የለም፤ ዳር ሰፋ ያለበትን ፈልጎ መንገዱን መልቀቅ ነው። በጭራሽ መደረግ የማይገባው ከፊቱ ገብቶ ድንገት መቆም ነው። ከባድ መኪና ለመቆም ከቤት መኪና የበለጠ ርቀት ያስፈልገዋል፤ በነፋስ የሚሠራው ፍሬኑም ፔዳሉ ከተረገጠ በኋላ ለመያዝ ጥቂት ይዘገያል። እኛም ብንሆን ቁልቁለት ስንወርድ ማርሽ ቀንሰን እንጂ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ አንውረድ።

በጉም ጊዜ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የፊተኛውን ሰው የኋላ መብራት መሪ አድርጎ መከተል ያጓጓል፤ መብራቱ እንዳይጠፋም መጠጋት ይመጣል። የፊተኛው ሰው መንገድ ከሳተ ግን ተከታዩም አብሮ ገደል ይገባል። በሌሊትም ከኋላ ያለው ሰው ረጅሙን መብራት አብርቶ ዓይናችንን ሲወጋው፣ በብዙ መኪና ውስጥ ያለውን የመካከለኛውን ስፖኪዮ ትንሽ እጀታ ገፋ ማድረግ ብርሃኑን ያበርደዋል። የእኛን መብራት በአጸፋ ማብራት ምንም አይጠቅምም፤ የእኛ መብራት የሚያበራው ወደ ፊት ነው።

አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ሲሆን ምንም ጥያቄ የለውም፤ ወዲያው መልቀቅ ነው። ነገር ግን የደወል መብራት የሌለው ተራ መኪናም ወላድ ወይም በሽተኛ ይዞ ሊሆን ይችላል። ከኋላ ወንበር ማን እንደተኛ ከፊት ሆኖ አይታይም። ሰውየው ከንቱ ቸኳይ እንኳ ቢሆን፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና ማፍሰሱን ከእኛ ርቆ ያፍስስ።

ካለፈም በኋላ ነገሩ ያለቀ አይምሰለን። አንዳንድ ሰው ከፊት ገብቶ ይቆማል፣ ወርዶም ለጠብ ይመጣል። በዚህ ጊዜ በሩን ቆልፎ፣ መስተዋቱን ዘግቶ፣ ሳይመልሱለት መቀመጥ ይሻላል፤ መንገድ ከተገኘም ወደ ቤት ሳይሆን ሰው ወዳለበት ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ መንዳት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ቤታችንን ማወቅ የለበትም። ታርጋውን የሚጽፈው ተሳፋሪው ነው፤ ሹፌሩ እየነዳ ስልክ አንሥቶ ፎቶግራፍ ላንሣ ቢል ራሱ ሌላ ደንብ ጣሰ። የመኪናውን ቀለም፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጨምሮ ለትራፊክ ፖሊስ ማስታወቅ ሕጋዊው መንገድ ነው። ግጭት የደረሰ እንደሆነም ቆሞ የተጎዳ ሰው መርዳት፣ ማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ማቆም፣ ፖሊስ መጥራት ነው። በመንገዱ መካከል ጥፋቱ የማን ነው እየተባባሉ ሲከራከሩ ሦስተኛ መኪና እንዳይደርስባቸው ተሳፋሪዎቹን ወደ ዳር ማውጣት ከክርክሩ ይቀድማል።

ስለ ተሳፋሪ ጠባይ አንድ ነገር ብለን እናቁም። ከኋላ መኪና ሲጠጋ ዘወር ብለን በመስኮት እናፈጣለን፤ አንዳንዶቻችን ምላስ እናወጣለን፤ አንዳንዶቻችን «ጋሼ፣ ንዳው! አታሳልፈው!» እንላለን። ይህን የሰማ ሹፌር፣ በተለይም ወጣት የሆነ እንደሆነ፣ በልጆች ፊት ላለመዋረድ ብሎ የማያደርገው የለም። እናቶቻችን ግን ብዙ ጊዜ «ተወው፣ ይለፍ» ይላሉ፤ ክበባችን ባደረገው ክርክር ከሁሉ የተሻለውን የነዳጅ ቁጠባና የፍሬን ቁጠባ ትምህርት የሰጡ እነርሱ ናቸው ብሎ አንድ አባላችን ተናግሮ አስቆናል።

ወላጆቻችን በስፖርት ሜዳው የተዘረጋውን ገመድ እንድታዩልን እንለምናለን። በአንደኛው ጫፍ ቀይ፣ በሌላው ነጭ ጨርቅ ታስሮበታል፤ አንድ አባላችንም ሰዓት ይዞ ቆሟል። ከቀዩ እስከ ነጩ በዝግታ እየተራመዳችሁ ከኋላችሁ የሚመጣውን መኪና በልባችሁ ነጩ ጫፍ ላይ አቁሙት። ዝናብ ካልመጣ በቀር ገመዱ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ አይነሣም።